«ትንሽ ነው የተቃጠለው» አትበሉ፦ የፖል ኮረንቲ ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው

የዛሬው ትምህርት ስለ ኮረንቲ ነው፤ ስለ ሶኬቱ ሳይሆን ከላይ በፖል ስለሚያልፈው፣ ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ። ፃግብጂ፣ ሰቆጣ፣ ዝቋላ፣ አበርገሌ ያላችሁ፣ ወይም ቤተሰብ እዚያ ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ምክንያቱም በዚህ ጉዳት ሰው የሚሞተው ፖሉ ሥር ብቻ አይደለም። ተነስቶ፣ አውርቶ፣ «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ የገባ ሰውም ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል።

መጀመሪያ ስለ የትኛው ኮረንቲ እንደምናወራ እንለይ። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ ወፍጮና ብየዳ ቤት ደግሞ 380። እነዚህም ልብን አዘበራርቀው ይገድላሉ፣ አትናቋቸው። በሕክምና ግን ከ1,000 ቮልት በላይ የሆነውን ለብቻው ነው የምናየው። በየከተማውና በየገጠሩ በፖል ጫፍ ላይ የሚሄዱት መስመሮች 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ናቸው። ወደ 380 እና 220 የሚያወርደው ትራንስፎርመሩ ነው። በብረት ማማ የሚጓዙትማ ሌላ ዓለም ናቸው፤ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀው የተከዜ ግድብ ወደ መቀሌ የሚሄደው መስመር 230 ሺህ ቮልት ይሸከማል።

እነዚህ ሽቦዎች አብዛኞቹ ልባስ የላቸውም፣ ራቁታቸውን ናቸው። ደግሞ ሰውን ለመያዝ የግድ መነካት አያስፈልጋቸውም፤ በጣም ከተጠጋችሁ በአየር ላይ ዘለው ይመጣሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፌሮ የሚያነሳ፣ ሽቦ አጠገብ ያለ ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ፣ ረጅም የብረት መሰላል ቀጥ አድርጎ የሚሸከም ሰው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ለቀን ሥራ የሚሄዱ ወንድሞቻችን በተለይ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ሽቦው በእጃችሁ ትይዩ ከሆነ ያ ሥራ ይቁም። አሠሪው «ቀስ ብለህ አሳልፈው» ካለም እንቢ በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ ያለው ሽቦ ለምን ይግላል? ኮረንቲው በቀላሉ እንዳያልፍ ስለሚከለክለው ነው። ሰውነታችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚከለክለው አጥንት ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ በእጅ ገብቶ በእግር ሲወጣ አጥንቱ እንደዚያ ሽቦ ይግላል፤ አጥንቱ ላይ የተለጠፈው ጡንቻም ከውስጥ ይበስላል። ከላይ ስታዩት ግን መዳፉ ላይ አንዲት ሳንቲም የምታህል ግራጫ ቁስል፣ ተረከዙ ላይ ሌላ አንዲት፣ በቃ! መሀሉ ላይ ያለው ቆዳ ደህና ነው። የሚያታልለውም ይሄ ነው።

የሞተው ጡንቻ ሲፈርስ ቀይ ፕሮቲኑ ወደ ደም ይለቀቅና ኩላሊትን ይደፍናል። ሽንቱ እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ ይሄ ተጀምሯል ማለት ነው። ሌላው እብጠቱ ነው። ጡንቻዎቻችን በማይለጠጥ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው፤ ከውስጥ ሲያብጡ የሚሄዱበት ቦታ ስለሌለ የራሳቸውን ደም ሥር ያንቃሉ። እጁ ይጠነክራል፣ ጣቱን ሲዘረጉለት ይጮኻል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። በቶሎ፣ በሰዓታት ውስጥ ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና ካልተከፈተ እጁ ሊቆረጥ ይችላል።

የእሳት ቃጠሎ ሲሆን የተቃጠለውን የቆዳ ስፋት አይተን ነው ፈሳሽ የምናሰላው። እዚህ ላይ ያ ስሌት አያዋጣም፤ ሽንቱን ነው የምንከታተለው። ለአዋቂ በሰዓት ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሊትር እንዲሸና፣ ጥቁረቱም እስኪጠራ፣ እናንተ «ግሉኮስ» የምትሉት በደም ሥር ይሰጠዋል (ስሙ ነው እንጂ የሚሰጠው ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን ነው)። ልቡም በኢሲጂ ይታያል። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከፍተኛ ቮልቴጅ የያዘው ሰው ቁስሉ የጥፍር ያህል ቢሆንም ቅባት ተቀብቶ ወደ ቤት አይሄድም፣ ሆስፒታል ይተኛል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጽንሱም ይታያል።

ፃግብጂ ላለ ሰው ይሄ ማለት ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ነው። ለከባድ ቃጠሎ ደግሞ የቃጠሎ ክፍል ያለው እንደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ያለ ሆስፒታል ሊያስፈልግ ይችላል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ፈሳሹ ጤና ጣቢያው ላይ ተጀምሮ መንገድ ላይም እንዲቀጥል ጠይቁ። አስታማሚ ከሆናችሁ ሽንቱን በሃይላንድ ያዙት፤ ቀለሙንና መጠኑን ማየት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

አደጋው ሲደርስ ዓይናችሁ እያየ ያለው ሰው ወንድማችሁ ቢሆንም አትንኩት። ከባዱ ነገር ይሄ ነው፣ ይገባኛል። ግን አንድ ሬሳ ሊያነሳ የሄደ ሁለተኛ ሬሳ ይሆናል። «በደረቅ እንጨት ግፋው» የሚባለው ለቤት ኮረንቲ ቢሠራ እንኳ ለ15 ሺህ ቮልት አይሠራም። መጀመሪያ መስመሩ ይቆረጥ፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥሪ ማዕከል 905 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

የወደቀ ሽቦ ብልጭ ስላላለ ሞቷል ማለት አይደለም። መሬቱ ራሱ ኮረንቲ ይዟል፣ ወደ ሽቦው ስትጠጉም ይጨምራል። ሰፊ እርምጃ ስትራመዱ አንዱ እግራችሁ ብዙ፣ ሌላው ትንሽ ቮልት ላይ ያርፋል፤ ልዩነቱም በእናንተ ውስጥ ያልፋል። ከብት በዚህ የሚሞተው የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ነው። በሬው ሲወድቅ ደግሞ እረኛው ሊያነሳው ይሮጣል! ልጆቻችሁን ይሄን አስተምሯቸው። ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ ቅርብ ካሉ እግራቸውን ሳያነሱና ሳያለያዩ እየጎተቱ ይውጡ።

መስመሩ መቆረጡ ከተረጋገጠ በኋላ ካልተነፈሰ ደረቱን መሀል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እያስገባችሁ ተጫኑ። ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ልቡ ጤነኛ የነበረ ወጣት ነው። ከፖል ከወደቀ አንገቱን አታንቀሳቅሱ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ አፈር ውስጥ መቅበር፣ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማጠጣት፦ አንዱም አይጠቅምም፤ ወተቱማ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል።

ስለ ጄኔሬተርም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። ዋግ በጦርነቱ ምክንያት ረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይቷል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሳትም የተለመደ ነው። ጄኔሬተሩን ያለ ማቀያየሪያ ስዊች ቀጥታ ከቤቱ መስመር ጋር ካገናኛችሁት ኮረንቲው በቆጣሪው ወደ ኋላ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፦ የእናንተን 220 ወደ 15 ሺህ ያሳድገዋል። «መብራት የለም» ተብሎ ፖል ላይ የወጣው ሠራተኛ የሚያዘው በእናንተ ጄኔሬተር ነው። ለሠራተኞቹም፦ «ጠፍቷል» የሚል ስልክ ብቻ አትመኑ። በመሣሪያ ለኩ፣ ከምትሠሩበት ወዲህና ወዲያ መስመሩን ከመሬት ጋር እሰሩ።

ከሆስፒታል የወጣ ሰው ደግሞ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ዓይኑ ሊደበዝዝበት ይችላል፤ በተለይ ኮረንቲው በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ በኩል ካለፈ። የሞራ ግርዶሽ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ዓይን ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ያኔ ኮረንቲ ይዞኝ ነበር» ብላችሁ ንገሩት።