«ከሥራ መውጣት» በእንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል?



እንግሊዝኛ ስንማር ብዙዎቻችን ቃላትን አንድ በአንድ በቃላችን እንይዛለን። ነገር ግን ቃልም እንደ ሰው ባልንጀራ አለውና ከማን ጋራ እንደሚሄድ ካላወቅን ቃሉን አወቅነው ለማለት አይቻልም። ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ከሥራ ስለ መውጣት የሚነገሩትን መርጫለሁ።

በአማርኛ «ለቀቀ»፣ «ተባረረ»፣ «ተቀነሰ» ብለን እንለያለን። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ይለያል።

፩ኛ/ ሠራተኛው በፈቃዱ ሲለቅ «ሪዛይንድ» ወይም «ሃንድድ ኢን ሂዝ ኖቲስ» ይባላል። «ጌቭ ኖቲስ» የሚለው ግን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጠ ማለት ስለ ሆነ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ያገለግላል።

፪ኛ/ በጥፋቱ ሲባረር በጽሑፍ «ዲስሚስድ» ይባላል። ከሥራው በፊት «ፍሮም»፣ ከምክንያቱ በፊት «ፎር» ይገባል፤ ይኸውም «ሂ ዎዝ ዲስሚስድ ፍሮም ሂዝ ጆብ ፎር ስቲሊንግ» ስንል «ስለ ሰረቀ ከሥራው ተባረረ» ማለታችን ነው። በንግግር ጊዜ «ፋየርድ» ወይም «ጎት ዘ ሳክ» ይላሉ። «ሳክ» ጆንያ ቢሆንም ቃል በቃል «ጆንያ ተቀበለ» ተብሎ አይተረጐምም።

፫ኛ/ ሠራተኛው ሳያጠፋ የሥራው ቦታ ሲታጠፍ እንግሊዞች «ሜድ ሪደንደንት»፣ አሜሪካኖች «ሌይድ ኦፍ» ይላሉ። በእንግሊዝ አገር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ የተወሰነ ዘመን አገልግለው ሥራቸው ለታጠፈባቸው ሠራተኞች ካሣ እንዲከፈል አዟል። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ መብትም አለ።

ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ አይታያችሁ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ስለ ተዘጋ፣ ሌላ ሥራ ለመጠየቅ በእንግሊዝኛ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። «ፋየርድ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ አንባቢው ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ባሰበ፣ የአሥራ አራት ዓመት ንጹሕ አገልግሎታቸውም በአንድ ቃል በጐደፈ ነበር። እኔ ግን «አይ ዎዝ ሌይድ ኦፍ ዌን ዘ ፋክተሪ ክሎዝድ»፣ ማለት «ፋብሪካው ሲዘጋ ከሥራ ተቀነስሁ» ብዬ ጻፍሁላቸው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ አዲስ ቃል በደብተራችሁ ስትጽፉ ባልንጀራውንም አብራችሁ ጻፉ። የሰው ስምና እንጀራ ከአንድ ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላልና።