አዲስ ልስን ቀለም እስኪቀበል ድረስ

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ13ኛው ምዕራፍ ድካሙን ልስን ስለ ሸፈነው ቅጥር ይናገራል፤ ዝናብና በረዶ በወረደ ጊዜ ቅጥሩ ይፈርሳል፤ መሠረቱም ይገለጣል። ቃሉ የተነገረው ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ለሚያንጹ ሰበካ ጉባኤያት የቀጥታ ትምህርት አለው።

የጎንደር ምስክርነት

የዐፄ ፋሲልና የተከታዮቻቸው አብያተ መንግሥት የታነጹት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገባባቸው፤ በኋላ በተከናወነው እድሳት ግን ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ግድግዳው እርጥበቱን ወደ ውጭ እንዲተነፍስ ይፈቅድለታል፤ ሲሚንቶ ግን ድፍን በመሆኑ ውኃውን በውስጥ ያስቀራል።

በእንጨትና በጭቃ በተሠሩት የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ከውጭ ልስኑ አምሮ ሲታይ ከውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ በመቅደሱ ዙሪያ ያሉት ቅዱሳት ሥዕላትም በእርጥበት ይጎዳሉ። ስለዚህ ለጭቃ ግድግዳ የጤፍ ጭድ ገብቶበት በሚገባ የቦካ ምርጊትና በላዩ የሚቀባ ኖራ ይስማማዋል። የሲሚንቶ ልስን ለብሎኬት ግድግዳ ይሁን።

የሥራው ቅደም ተከተል

አስቀድሞ የውኃው መግቢያ ይዘጋ፤ የጣራው ክፈፍ ይጠገን፣ የግድግዳው ሥር ውኃ የሚያስወግድ ቦይ ይበጅለት። የብሎኬቱ ገጽ ከአቧራ ጸድቶ በውኃ ይረስርስ፤ አሸዋውም ከአፈር የጠራ ይሁን።

የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 7 ቀን በውኃ እየረጠበ ይቆይ። ከዚያም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከተለሰነ ጀምሮ ወደ 28 ቀን ይጠበቅ፤ ብርድና ጉም በሚበዛባቸው በዳባትና በደባርቅ አካባቢ ከዚህም ይረዝማል። መድረቁን ለመመርመር የአንድ ክንድ ያህል ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ ተለጥፎ ይደር፤ ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ከታየ ግድግዳው ገና ነው። በገጹ ላይ የወጣ ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ስንጥቁ ለውጭ ግድግዳ በሚሆን ስቱኮ ይሞላ። ከዚያ የሲሚንቶን ቅመም የሚቋቋም መነሻ ቀለም፣ በላዩም ሁለት እጅ የውጭ ቀለም ይቀባ። የቀትር ፀሐይ በሚያርፍበት ገጽ ላይ መቀባት አይገባም።

ከደረሰብን የተማርነው

በአንድ የገጠር ደብር የንግሥ በዓል ስለ ደረሰ፣ ልስኑ 10 ቀን ሳይሞላው ቀለም እንዲቀባ ተስማማን። እኔም ከተስማሙት አንዱ ነበርሁ። በዓሉ ደምቆ ዋለ፤ በተከታዩ ክረምት ግን ቀለሙ አብጦ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ሥራው እንደ ገና ሲጀመር የወጣው ገንዘብ ምእመናን ከእህላቸው ሽጠው የሰጡት ነበር።

ስለዚህ ዕቅዱ ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠር። ንግሡ ጥር 21 ቀን የሚውል ደብር ልስኑን እስከ ኅዳር አጋማሽ ይፈጽም። ቀኑ ካልበቃም በዓሉ ቀለም ባልተቀባ ግድግዳ ሥር ይከበር፤ ታቦቱ ለመውጣት ቀለም አይጠብቅም። ግድግዳው ግን ጊዜውን ይፈልጋል።