ሽንት ከልክሎት የዳነ ወንድ ድመት፦ ከሐኪም ቤት ሲመለስ

የመጋዘኑ ጠባቂ

መርካቶ እህል በረንዳ ውስጥ ድመት የሌለው መጋዘን ብዙ አይዘልቅም፤ አይጥ ጆንያውን ከሥሩ በስቶ ጤፉን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ባለመጋዘኑ ድመት ያስገባል፣ ከምሳው ይቆርስለታል፣ ማታ በሩን ዘግቶበት ይሄዳል። በርበሬ በረንዳም፣ ጆንያ ተራም ልማዱ ይኸው ነው። ከእነዚህ ድመቶች መካከል በተለይ ወንዱን የሚያጠቃ አንድ ድንገተኛ ሕመም አለ። ሽንቱ ይዘጋል፤ ካልታከመ ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል።

እዚህ የማስረዳችሁ ድመቱ ታክሞ፣ ሽንቱ ተከፍቶ፣ በካርቶን ወደ መርካቶ ከተመለሰ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሽንቱ እንደገና የመዘጋት አደጋ ከፍ የሚለው ግን በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ነው። በእነዚያ ቀናት ድመቱ በሐኪም ዓይን ሥር አይደለም፤ የሚያየው ባለሱቁ፣ የሱቁ ልጅና ዘበኛው ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ በእነሱ እጅ ላይ ይወድቃል።

ምን ነበር የተዘጋው?

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ወደ ብልቱ ጫፍ ሲደርስ ይበልጥ ይጠባል። የሴቷ አጭርና ሰፋ ያለ ስለሆነ እንዲህ ያለ መዘጋት እምብዛም አያጋጥማትም። በዚያ ጠባብ ቧንቧ ውስጥ የደቀቀ የማዕድን ቅንጣት ከንፍጥ መሰል ፈሳሽ ጋር ተጣብቆ ይወተፋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቅንጣት ስትሩቫይት የሚባለው ነው። አንዳንዴ እውነተኛ ጠጠር ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ጠጠርም ቅንጣትም ሳይኖር ፊኛው ይቆጣና ቧንቧው አብጦ ይኮማተራል፤ ለዚህኛው ጭንቀት ትልቅ ድርሻ አለው።

ሽንቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል። ከሽንት ጋር መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ የልብ ምቱን አዛብቶ ድመቱን ለሞት የሚያበቃው በአብዛኛው ይኸው ነው። ሐኪሙ ድመቱን አደንዝዞ በብልቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባል፣ ፊኛውን ያጥባል፣ በደም ሥሩ ጉሉኮስ ይሰጠዋል። ቱቦውንም አንድ ሁለት ቀን ሳያወጣ ሊያቆየው ይችላል። መዘጋቱ ከተከፈተ በኋላ ኩላሊቱ ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው አብልጦ ሽንት ስለሚያወርድ፣ ድመቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ቢያዘወትር አትደንግጡ፤ አትከልክሉትም።

በእኛ ሰፈር ይህን ሕመም የሚያሳልፉ ሁለት ስሕተቶች አሉ። መጋዘን ውስጥ የአይጥ መርዝ ስለማይጠፋ፣ ድመቱ ሲያስመልሰውና ጥግ ይዞ ሲተኛ «መርዝ በልቷል» ተብሎ ወተት ይጋታል። ወይም ቁጢጥ ብሎ ሲያምጥ ያየ ሰው የሆድ ድርቀት መስሎት ዘይት ያጠጣዋል። በሁለቱም ድመቱ የማይገኝ ሰዓት ይባክንበታል። አንድ ጊዜ ሽንት የተዘጋበት ድመት ሲያምጥ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሽንቱን ይሁን።

ቅዳሜ ማታ ተዘግቶ ሰኞ የሚከፈት በር

ማታ 12 ሰዓት ተዘግቶ ጠዋት 2 ሰዓት የሚከፈት ሱቅ ድመቱን 14 ሰዓት ለብቻው ያሳድረዋል። ቅዳሜ ማታ ተዘግቶ፣ እሑድን አልፎ፣ ሰኞ ጠዋት የሚከፈተው ደግሞ 38 ሰዓት ያቆየዋል። ሽንቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ድመት በ24 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊወድቅ፣ በ48 ሰዓት አካባቢ ሊሞት ይችላል። ሒሳቡን አስቡት፤ ቅዳሜ ማታ ዘግታችሁ ስትሄዱ ሕመሙ ቢጀምረው ሰኞ የምትከፍቱት ለመርዳት በጣም ከመሸ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሐኪም ቤት ለተመለሰ ወንድ ድመት የምለው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህን እላለሁ፦ ሁለት ሳምንት መጋዘን ውስጥ አይደር። ቤታችሁ ውሰዱት። ቤት ካልተቻለ ከዘበኛው ጋር፣ በዘበኛው ክፍል ይሁን። ለዘበኛው «እየው» ብሎ መሄድ ግን አይበቃም። የሚሸናበትን ሳፋ አሳዩት፣ ያልሸና ድመት ምን እንደሚመስል ንገሩት፣ የባለቤቱንና የሐኪሙን ስልክ ግድግዳው ላይ ጻፉለት፣ ለታክሲ የሚሆን ገንዘብም ተዉለት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደውሎ የሚቀሰቅሳችሁ ዘበኛ ድመቱን አተረፈላችሁ ማለት ነው፤ አትቆጡት።

አይጡስ? አይጡ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። ከጎረቤት መጋዘን ድመት መዋስም ይቻላል።

ሳፋው ምን ይናገራል?

ድመቱ በመጋዘኑ እንደ ልቡ ሲዘዋወር የት እንደሸና፣ ጨርሶ መሽናቱንም ማወቅ አይቻልም። በትንሽ ክፍል ውስጥ አድርጉትና አጭርና ሰፊ ሳፋ ስጡት። ሰጋቱራም አሸዋም ሽንቱን ውጦ ስለሚያስቀረው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይመቹም። ንጹሕ ፌስታል በቀጭን በቀጭኑ ቆርጣችሁ ሳፋው ውስጥ በትኑ። ፌስታል ፈሳሽ አይመጥምና ሽንቱ ከታች ይጠራቀማል፤ ቀለሙ ይታያል፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስባችሁም ልትለኩት ትችላላችሁ። ድመቱ ፌስታል የሚያኝክ ከሆነ ግን ጋዜጣ ቀዳዳችሁ አድርጉለት። መጠኑን በሲሪንጅ ባትለኩም ከረጠበው ቦታ ስፋት ትገምታላችሁ።

4 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ድመት በቀን ከ80 እስከ 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሸናል፤ በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ። ከሕመሙ የሚያገግም ድመት ከዚህ አብልጦ ይመላለሳል፤ ፊኛውና ቧንቧው ገና ቁስል ናቸውና። ሮዝ ወይም ደም የነካው ሽንትም ለጥቂት ቀናት ሊታይ ይችላል። ልዩነቱን የምታውቁት ሳፋው ላይ በቀረው ነገር ነው። ደጋግሞ ገብቶ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ካረጠበ፣ መንገዱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ለሐኪሙ ደውላችሁ ንገሩት። ገብቶ፣ አምጦ፣ ጮሆ፣ ሳፋው ደረቅ ከሆነ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ብልቱን ያለማቋረጥ መላስ፣ ምግብ መተው፣ ማስመለስ፣ ሆዱ ሲነካ መጮህ ከደረቅ ሳፋ ጋር ከመጡ ነገሩ ግልጽ ነው። ሳያምጥም ቢሆን 12 ሰዓት ሙሉ ካልሸና ሐኪሙን ጠይቁ።

ከኋላ እግሮቹ ወደ ፊት ያለውን ሆዱን በሁለት ጣት ቀስ ብሎ መዳሰስም ይረዳል። የተዘጋ ፊኛ እንደ ሎሚ ክብና ጠጣር ሆኖ ይሰማል፤ የሸና ድመት ሆድ ልፍስፍስ ነው። ዳስሱ እንጂ አትጫኑ። ሽንቱን አስወጣለሁ ብሎ ፊኛውን የጨመቀ ሰው ሊያፈነዳው ይችላል።

ውሃውን በምግቡ ውስጥ

ድመት ከደረቅ አገር አውሬ የወረደ እንስሳ ነው፤ ውሃ ፍለጋ ብዙ አይደክምም። የሚታደነው ሥጋ ራሱ ከመቶ 70 ያህሉ ውሃ ስለሆነ ቀድሞ አይቸገርም ነበር። ደረቅ ምግብ ወይም የደረቀ እንጀራ ሲሰጠው ግን የጎደለውን ጠጥቶ አያሟላም። ሽንቱ ይወፍራል፣ ቅንጣቱም ይበዛል። 4 ኪሎ ድመት ከምግብም ከመጠጥም ተደምሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። ይህ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም በአፉ ለመጋት አትሞክሩ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

መንገዱ ምግቡን ማርጠብ ነው። ሳምባ ወይም ቀይ ሥጋ በውሃ ብቻ ቀቅሉ፣ አድቅቁት፣ ከመረቁ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምሩና ለብ እያለ ስጡት። እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ሽንኩርቱን ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ስለዚህ ከሰው ድስት የተቀዳ መረቅና ወጥ ለእሱ አይሆንም። ጨውና በርበሬም አይግቡበት። አጥንት ማዕድን ስለሚያበዛ ይቅር። ሥጋ ብቻውን ለዘላለም የሚበቃ ምግብ አይደለም፤ ካልሲየሙ ያንሳል፤ ጉበትም በየቀኑ ሲሆን ቫይታሚን ኤ ከልክ በላይ ያከማቻል። ሐኪሙ ለሽንት ሕመም የተዘጋጀ የድመት ምግብ ካዘዘ እሱን ስጡት፤ ደረቅ ከሆነ በለብታ ውሃ አርሱት። ስትሩቫይትን እንዲህ ያለው ምግብ በሳምንታት ውስጥ ሊያሟሟው ይችላል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ጠጠር ግን በምግብ አይሟሟም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያገኘው የትኛውን እንደሆነ ጠይቃችሁ ያዙ።

ውሃውን በሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ ከሳፋውም ከምግቡም ራቅ ይበል፤ በየቀኑ ይቀየር።

ጾም ሲገባ

በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም፣ የባለሱቁ ምሳ ሽሮና ምስር ይሆናል። ድመቱም አብሮ ይጾማል፤ እንጀራ በሽሮ ይቆረስለታል። ይህ ለማንኛውም ድመት ደካማ ምግብ ነው፤ ሽንት ተዘግቶበት ለነበረ ወንድ ደግሞ አደገኛ ነው። ሽሮው ሽንኩርትና ጨው አለበት፤ እህል የበዛበት ምግብም ሽንቱን ስትሩቫይት ወደሚመቸው ሁኔታ ይገፋዋል። ጾሙ የባለቤቱ እንጂ የድመቱ አይደለም። መርካቶ ደግሞ ለዚህ የታደለ ሰፈር ነው፤ የክርስቲያኑ ልኳንዳ ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው። ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ሳምባ ገዝቶ፣ በትንሽ በትንሹ አስሮ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል።

ከሰው መድኃኒት ራቁ

ድመቱ ሲያቃስት አንጀታችሁ ይላወስ ይሆናል፤ ፓራሲታሞል ግን እንዳትሰጡት። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም፤ አንዲት ፍሬ ትገድለዋለች። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ኩላሊቱን ይጨርሱታል፤ ኩላሊቱ ደግሞ ገና ከጉዳት የወጣ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው የሕመም ማስታገሻ ካለ በታዘዘው መጠንና ሰዓት ስጡት። አሞክሳሲሊን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ የአብዛኞቹ ወጣት ድመቶች መዘጋት የጀመረው በጀርም አይደለም። ተልባና አብሽ በጥብጦ መጋት፣ ሎሚ ጠብ ማድረግም ይቅር።

ጭነት በማይራገፍበት ጥግ

ጭንቀት ፊኛውን እንደሚያስቆጣ ተናግሬያለሁ። አይሱዙ ኋላውን ሰጥቶ ጆንያ የሚራገፍበት በር፣ የወዛደሩ ጩኸት፣ ከጎረቤት መጋዘን የሚመጣ ሌላ አውራ ድመት፤ ለሚያገግም ድመት ይህ ሁሉ ሸክም ነው። ካርቶን በመርካቶ ሞልቷል፤ አንዱን በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ያረጀ ጋቢ አንጥፋችሁ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡለት። ገብቶ ሲደበቅ አታውጡት። ምግቡ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው እጅ ይቅረብለት። የሱቁ ልጅ ማታ ማታ ክር ይዞ ትንሽ ቢያጫውተው ከብዙ መድኃኒት ይሻለዋል፤ በተለይ ተኝቶ የሚውል ወፍራም ውሮ ከሆነ። መወፈርና ያለ እንቅስቃሴ መዋል ራሳቸው ለዚህ ሕመም ያጋልጣሉ።

እንደገና ከተዘጋ

ካርቶኑን አየር እንዲገባው በስታችሁ ዝግጁ አድርጉ። የሚያመው ድመት የሚወዱትንም ይነክሳልና በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስገቡት። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ድመቱ ካገገመ በኋላ ክትባቱን አስከትቡት።

«ለድመት ደግሞ ሐኪም?» የሚል አይጠፋም። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ለበሬና ለላም ሲባል የተደራጀ ስለሆነ ጥያቄው አይገርመኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ውሻና ድመት የሚያክሙ የግል ክሊኒኮች አሉ። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ፤ ከመርካቶ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድመቱ ደህና ሳለ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የትኛው ሐኪም እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ። ስትደውሉ «ድመቴ አመመው» ከማለት «ወንድ ድመት ነው፣ ከዚህ በፊት ሽንት ተዘግቶበታል፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አልሸናም» በሉ፤ ወረፋው በዚህ ይለወጣል።

ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ የሚዘጋበት ድመት ካለ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ሊያቀርብ ይችላል። ጠባቡ የቧንቧ ጫፍ ተቆርጦ ሰፊው ክፍል መውጫ ይሆናል። በዚያ ጫፍ የሚደርሰውን መዘጋት በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ፊኛው እንዳይቆጣ ወይም ጠጠር እንዳይሠራ ግን አያደርግም፤ ለሽንት ኢንፌክሽንም ከበፊቱ ይበልጥ ያጋልጠዋል። ቁስሉ እስኪድን አሸዋና ሰጋቱራ እንዳይገባበት ሳፋው ውስጥ ጋዜጣ ብቻ ይሁን፣ እንዳይልሰውም አንገቱ ላይ የሚደረገው መከላከያ አይውለቅ። የረጠበ ምግቡም በዚያው ይቀጥላል።