ፈጣን ስክሪን ለማን ይጠቅማል?
የጌም ሞኒተር አመራረጥ በፊዚክስ ዓይን

መግቢያ

ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆን ሞኒተር ፍለጋ ገበያ የወጣ ሰው በካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚያገኘው አንድ ቁጥር ነው፤ 60፣ 144፣ 165፣ 240፣ አንዳንዴም 360። ከጎኑ «ኸርዝ» የሚል ቃል ይነበባል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ሻጩም «ይህኛው ለውድድር የተሠራ ነው» ማለቱ አይቀርም።

በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኮኪት የሚኖር ወጣት ከሰሊጥ ሽያጭ ባጠራቀመው ገንዘብ ጌም ቤት ለመክፈት ወይም ለራሱ የመጫወቻ ኮምፒውተር ለመግዛት ቢያስብ፣ ይህን ቁጥር የሚመዝንበት ሚዛን ያስፈልገዋል። ዕቃው ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ተጭኖ ቆላ ከወረደ በኋላ «አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ ቀላል አይደለምና። ሚዛኑን የሚሰጠን ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልራቀ ፊዚክስ ነው።

ኸርዝ ምን ይነግረናል?

ኸርዝ የድግግሞሽ መለኪያ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው የኤሌክትሮማግኔት ሞገድን መኖር በሙከራ ካረጋገጠው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ከሃይንሪክ ኸርዝ ነው። አንድ ኸርዝ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ማለት ነው። በስክሪን ላይ እንቅስቃሴ መስሎ የሚታየን ነገር የቋሚ ሥዕሎች ቅደም ተከተል በመሆኑ፣ የ60 ኸርዝ ሞኒተር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ጊዜ ሥዕሉን ያድሳል ማለት ነው። አንዱ ሥዕል የሚቆይበት ጊዜ 1 ለድግግሞሹ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው፦

በ60 ኸርዝ፦ 16.7 ሚሊ ሴኮንድ
በ120 ኸርዝ፦ 8.3 ሚሊ ሴኮንድ
በ144 ኸርዝ፦ 6.9 ሚሊ ሴኮንድ
በ240 ኸርዝ፦ 4.2 ሚሊ ሴኮንድ
በ360 ኸርዝ፦ 2.8 ሚሊ ሴኮንድ

አንባቢ ልዩነቶቹን ልብ ይበል። ከ60 ወደ 144 የተሻገረ ሰው በአንድ ሥዕል ወደ 9.7 ሚሊ ሴኮንድ ያተርፋል፤ ከ144 ወደ 240 የሚሻገር 2.8 ብቻ፤ ከ240 ወደ 360 የሚሻገር ደግሞ 1.4 ብቻ ያተርፋል። ቁጥሩ እየገዘፈ ሲሄድ ትርፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ዋጋው ግን እየጨመረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ጥያቄ እንመልስ። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ታዲያ የ240 ኸርዝ ሞኒተር በዚህ መስመር ይሠራልን? አዎን፣ ይሠራል። በቀድሞው ዘመን የቴሌቪዥን ሥዕል የሚታደስበት ድግግሞሽ ከመብራት መስመሩ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነበር፤ አሜሪካ 60ን፣ አውሮፓ 50ን የመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። የዛሬው ሞኒተር ግን ከመስመሩ የሚቀበለውን ተለዋዋጭ ጅረት አስቀድሞ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ስለሚለውጥ፣ የመስመሩና የስክሪኑ ድግግሞሽ የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ዓይናችን ልዩነቱን ያያልን?

«የሰው ዓይን ከ60 በላይ አያይም» የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሳያቋርጥ የሚበራ መስሎ የሚታየን ድግግሞሹ ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ነው፤ ወሰኑም እንደ ብርሃኑ ጥንካሬና እንደ ሰዉ ቢለያይም በአብዛኛው ከ50 እስከ 90 ኸርዝ ባለው መካከል ይገኛል። የእንቅስቃሴ ጥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን በዓይኑ ሲከተል ዓይኑ ሳያቋርጥ ይንሸራተታል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን እስኪታደስ ድረስ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ አለመጣጣም የተነሣ ኳሷ በዓይናችን ውስጥ ትሰመራለች፤ ትደበዝዛለች።

የድብዝዝታው ስፋት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ ነው። ኳሷ በሴኮንድ 960 ፒክስል የምትጓዝ ከሆነ በ60 ኸርዝ የ16 ፒክስል፣ በ120 ኸርዝ የ8፣ በ240 ኸርዝ ደግሞ የ4 ፒክስል ድብዝዝታ ይኖራታል። ስለዚህ ልዩነቱ በእርግጥ የሚታይ ነው።

ይህ እንዲሆን ግን ፒክስሎቹም መድረስ አለባቸው። አብዛኞቹ ሞኒተሮች የሚሠሩት የኦስትሪያው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር እ.ኤ.አ. በ1888 ባስተዋለው የፈሳሽ ክሪስታል ባሕርይ ነው። የክሪስታሉ ሞለኪውሎች በኤሌክትሪክ መስክ ተገፍተው አቅጣጫቸውን ሲለውጡ የሚያልፈው ብርሃን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ለዚህም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። በ144 ኸርዝ ስክሪን ላይ ለውጡ በ6.9 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ካልተጠናቀቀ፣ ያለፈው ሥዕል ጥላ በአዲሱ ላይ ተደርቦ ይታያል። በካርቶኑ ላይ «1 ሚሊ ሴኮንድ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በተመቻቸ ሁኔታ የተለካ በመሆኑ እንደ ወሰን እንጂ እንደ ዘወትር ባሕርይ ሊወሰድ አይገባም።

መዘግየት ድምር ነው

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው። ተጫዋቹ ቁልፍ ከተጫነበት ቅጽበት አንሥቶ ውጤቱን እስኪያይ ድረስ ያለው መዘግየት የብዙ ክፍሎች ድምር ሲሆን፣ ሞኒተሩ ከክፍሎቹ አንዱ ብቻ ነው።

ተራ የዩኤስቢ ማውስ ያለበትን ቦታ ለኮምፒውተሩ የሚያስታውቀው በሴኮንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊ ሴኮንዱ ነው። ግራፊክስ ካርዱ በሴኮንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። የተሠራው ሥዕል ደግሞ ስክሪኑ እስኪታደስ በአማካይ የእድሳቱን ጊዜ ግማሽ ይጠብቃል፤ ይኸውም በ60 ኸርዝ 8.3፣ በ240 ኸርዝ 2.1 ሚሊ ሴኮንድ ነው።

እንዲህ ያለውን ካርድ ከ240 ኸርዝ ስክሪን ጋር ያገናኘ ሰው እያንዳንዱን ሥዕል አራት አራት ጊዜ ደጋግሞ ከማየት በቀር ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው የሚያተርፈው። የመተማን መንገድ ያውቁ የነበሩት የሲራራ ነጋዴዎች ነገሩን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ቅፍለቱ የሚጓዘው በዘገምተኛው አህያ ፍጥነት ነው።

ጨዋታው በኢንተርኔት ከሆነ የሚታከለው መዘግየት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በብርጭቆ ክር ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመተማ እስከ ጀርመን ፍራንክፈርት ያለው ቀጥታ ርቀት ወደ 4800 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ እዚያ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት የደርሶ መልስ ጉዞው ቢያንስ 48 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። ገመዱ ቀጥታ ባለመዘርጋቱና በየመገናኛው ስለሚቆም እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። ይህን የትኛውም ሞኒተር ሊያሳጥረው አይችልም። በአንጻሩ በአንድ ክፍል ውስጥ በኬብል ተገናኝተው የሚወዳደሩ ተጫዋቾች ይህ መዘግየት ስለሌለባቸው የስክሪኑ ፍጥነት በእነሱ ዘንድ ትርጉም ይኖረዋል። የሰው ልጅ ያየውን አይቶ እስኪንቀሳቀስ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ አምስት ሚሊ ሴኮንድ አሸናፊውን ሊለይ የሚችለው ችሎታቸው እጅግ በተቀራረበ ተወዳዳሪዎች መካከል ነው።

የፕሌይስቴሽን ቤት ጉዳይ

በአገራችን ከተሞች የተለመደው ጌም ቤት በፕሌይስቴሽን የእግር ኳስ ጨዋታ የሚካሄድበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ለስክሪን የሚልከው ሥዕል በሴኮንድ ከ60 አይበልጥም። ስለዚህ ለዚህ መሣሪያ ተብሎ የሚገዛ የ144 ኸርዝ ሞኒተር ተጨማሪ ሥዕል አይሰጥም። ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 መላክ ይችላል፤ ይህም ጨዋታው ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ ተጋጣሚዎች የሚያዩት አንድ ስክሪን በመሆኑ፣ ስክሪኑ ቢፈጥን ለሁለቱም ይፈጥናል፤ ቢዘገይም ለሁለቱም ይዘገያል። አንዱ በሌላው ላይ ብልጫ የሚያገኝበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ለማሳመር በሚያደርገው ሂደት ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። በቅንብሩ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን መምረጥ ይህን ሂደት ስለሚቀንስ መዘግየቱን ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ሚሊ ሴኮንድና ከዚያም በታች ያወርደዋል። ከ60 ወደ 240 ኸርዝ በመሻገር በአማካይ ጥበቃ ላይ የሚገኘው ትርፍ 6 ሚሊ ሴኮንድ ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ አንድ ሳንቲም የማይጠይቀው ቅንብር ከውዱ ዕቃ በብዙ እጥፍ በልጦ እናገኘዋለን።

የቆላው ሙቀት

ፈሳሽ ክሪስታል ለሙቀት የተለየ ጠባይ አለው። ሙቀቱ ሲጨምር የፈሳሹ ዝልግልግነት ስለሚቀንስ ሞለኪውሎቹ ፈጥነው ይዞራሉ። በሰሜን ተራሮች አቅራቢያ በደባርቅ በብርዳማ ማለዳ የተከፈተ ሞኒተር፣ ኮኪት ላይ እኩለ ቀን ከተከፈተው ተመሳሳይ ሞኒተር ይልቅ ፒክስሉ የዘገየ ይሆናል።

ይህ ግን ለቆለኛው ሙሉ የምሥራች አይደለም። ብዙ አምራቾች ለሞኒተር የሚፈቅዱት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ይህ ወሰን ይታለፋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይብሳል። በኃይል መስጫው ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በመሆኑም ከሞኒተሩ ጀርባ አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት መተው፣ አቧራውን መጥረግና የቮልቴጅ ማረጋጊያ ማኖር የምርጫው አካል ተደርገው ሊቆጠሩ ይገባል።

ገዢው ምን ይመርምር?

1. በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ጨዋታ በሴኮንድ ስንት ሥዕል አድርጎ እንደሚሠራ ያረጋግጥ። የሞኒተሩን ኸርዝ በዚያ ልክ ይምረጥ።

2. የሥዕሉ ብዛት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ስክሪኑ ድግግሞሹን ከካርዱ ጋር የሚያስማማበት ስልት (ፍሪሲንክ ወይም ጂ-ሲንክ የሚባለው) መኖሩን ይጠይቅ።

3. ኬብሉን አይናቅ። 1920 በ1080 ፒክስል ያለው ሥዕል በ24 ቢት ቀለምና በ240 ኸርዝ ሲላክ በሴኮንድ ወደ 12 ቢሊዮን ቢት ይሆናል፤ የቆየው ኤችዲኤምአይ 1.4 ግን የሚሸከመው የሥዕል መረጃ 8 ቢሊዮን ገደማ ነው።

4. ሞኒተሩ ከተገናኘ በኋላ በኮምፒውተሩ የስክሪን ቅንብር ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ራሱ ይምረጥ። አለበለዚያ የ144 ኸርዝ ሞኒተር በ60 ሲሠራ ሊኖር ይችላል።

5. ከሱቅ ሳይወጣ የማውሱን ቀስት በሩብ ሴኮንድ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ይጎትት። በ60 ኸርዝ 15 ያህል የተራራቁ ቀስቶች ይታዩታል። በ144 ኸርዝ ቀስቶቹ ወደ 36 ደርሰው ይቀራረባሉ፤ ተራ ማውስ ከሆነ ግን ከ31 አያልፉም።

መደምደሚያ

ብርቱ ግራፊክስ ካርድ ላለውና በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ለሚወዳደር ተጫዋች የ144 ኸርዝ ሞኒተር ገንዘቡን የሚክስ ዕቃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ሌላው ሁሉ ለተሟላለት ሰው ነው። ኮኪት ላይ የፕሌይስቴሽን 4 ቤት ለመክፈት ለሚያስብ ወጣት ግን፣ መዘግየቱ አነስተኛ የሆነ ባለ 60 ኸርዝ ስክሪን ይበቃዋል፤ በተረፈው ገንዘብ የቮልቴጅ ማረጋጊያና የአየር ማራገቢያ ቢገዛበት ደንበኞቹ በሚያዝያም ሳይቋረጥባቸው ይጫወታሉ።