ቤት ከመግዛታችን በፊት፦ የሕግ ባለሙያ አመራረጥና አብሮ አሠራር

እንደሚታወቀው መምህር በሥራ ዘመኑ ከሚፈርማቸው ውሎች ሁሉ ትልቁ የቤት ግዥ ውል ነው። በቁጠባ፣ በዕቁብና በብድር ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ቀን ፊርማ ከእጅ ይወጣል። ይሁን እንጂ ጫማ ለመግዛት ሦስት ሱቅ የምንዞረው ሰዎች፣ ቤት ለመግዛት የደላላ ቃል ሲበቃን ይታያል። «ግድ የለም፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ እኔ አለሁ» ይባላል። ችግሩ ሲፈነዳ ግን ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል።

ጠበቃ ዘንድ የምንሄደው ብዙውን ጊዜ ከተከሰስን ወይም ከተካድን በኋላ ነው። በዚህ ትምህርት ማስረዳት የምንፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የሕግ ባለሙያ ዋና ጥቅሙ ከፊርማ በፊት ነው።

1. ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው?

በአገራችን መሬት አይሸጥም። የከተማ ቦታ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤት ግን የግል ንብረቱ ነው። ስለዚህ ገዥ የሚያገኘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው።

ይህ ልዩነት በባሕር ዳር ትልቅ ትርጉም አለው። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በዘንዘልማም ሆነ በዘጌ አቅጣጫ በጣና ዳርቻ ያለው እርሻ የብዙ ሰው ዓይን ያርፍበታል። በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት ግን ገበሬው ይዞታውን ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ማከራየት፣ ማውረስና በስጦታ ማስተላለፍ ይችላል እንጂ መሸጥ አይችልም። ሽያጩ በብድር ወይም በስጦታ ስም ቢሸፈንም ያው ነው። ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ ቦታ በርካሽ ተገኘ ሲባል፣ መጀመሪያ «የከተማ ይዞታ ነው ወይስ የገጠር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አለዚያ በገዛ ገንዘባችን የምንሠራው ጨረቃ ቤት ይሆናል።

2. ሕጉ ስለ ውሉ ምን ይላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጽንቷል። ከዚያ በኋላ ተዋዋዮቹ ውሉን ካልካዱት ባለመመዝገቡ ብቻ አይፈርስም የተባለበት ጊዜ አለ። ታዲያ ሻጩ ነገ እንደማይክድ በምን እናውቃለን? ሦስት ምስክር አስፈርሞ ወረቀቱን ኪስ ውስጥ መክተት ዋስትና አይደለም።

የቀብድም ነገር እንዲሁ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ይተዋል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 50,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ 100,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። በውሉ ላይ «ቀብድ» መባሉና «ቅድሚያ ክፍያ» መባሉ ለየቅል ነው። ውሉ ራሱ የሕጉን ፎርም ካላሟላም ቀብዱ አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

3. ደላላ፣ ራፖር ጸሐፊና ጠበቃ

እነዚህን ሦስቱን ማደባለቅ የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው። ደላላ ሻጭንና ገዥን ያገናኛል፤ ገንዘብ የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ስለሆነ ሽያጩ እንዲቀር አይመክርም። ራፖር ጸሐፊ የተነገረውን በወግ ይጽፋል፤ የተነገረው እውነት መሆኑን አያጣራም። ጠበቃ ግን በሕግ ሙያ ሠልጥኖ ፈቃድ የተሰጠው፣ ለደንበኛው ታማኝ የመሆን ግዴታ ያለበት ሰው ነው።

በእንግሊዝ አገር የቤት ዝውውርን ብቻ የሚሠሩ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ገዥ የራሱን፣ ሻጭም የራሱን መቅጠር የተለመደ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ ሥራው የውል አዋዋዩ ነው። በእኛ አገር ለዚህ ብቻ የቆመ ሙያ ስለሌለ ማጣራቱን የሚሠራልን ጠበቃ ራሳችን መፈለግ አለብን።

4. ጠበቃ ስንመርጥ

ሀ. የታደሰ የጥብቅና ፈቃዱን እንዲያሳየን እንጠይቅ። ይህ ነውር አይደለም፤ ሐቀኛ ባለሙያ አይቀየምበትም።
ለ. በቤትና በይዞታ ጉዳይ የሠራ ይሁን። ጥሩ የወንጀል ጠበቃ የመሬት መዝገብ ላያውቅ ይችላል።
ሐ. ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው አይሁን። «ለሁለታችሁም እኔ እሠራለሁ» ከተባለ፣ ጥቅማችን ሲጋጭ ለማን ይቆማል?
መ. ክፍያውና ሥራው በጽሑፍ ይወሰን። ማጣራትን ይጨምራል? ስም እስኪዛወር ይከታተላል? ክፍያው ሽያጩ ቢቀርም ያው መሆኑ ይሻላል፤ አለዚያ እሱም እንደ ደላላው ሽያጩን ብቻ ይፈልጋል።

5. ጠበቃው የሚያጣራው

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ወይም ካርታው ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ዋናው ከመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ጋር መመሳከር አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 ካርታ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል እንጂ፣ ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል።

ቤቱ በባንክ ብድር ተይዞ እንደሆነ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ ያልተከፈለ ግብር ወይም የሊዝ ዕዳ ይኖርበት እንደሆነ ይጠየቃል። በካርታው ላይ ያለው ስፋትና ወሰንም በቦታው ካለው አጥር ጋር ይመሳከራል።

የትዳር ሁኔታም አለ። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ሚስት ድርሻ የላትም ማለት አይደለም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾች ሁሉ ይታወቁ።

ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወረቀቱ ቤት ለመሸጥ በግልጽ የሚፈቅድ መሆን አለበት፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ወካዩ በሕይወት መኖሩም ይረጋገጥ። ወካይ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቀራልና።

6. የእኛ ድርሻ

ጠበቃ ቀጥሮ መተኛት አይቻልም። ያጣራውን በጽሑፍ እንዲሰጠን እናድርግ፤ ያልገባንን አንቀጽ እስኪገባን እንጠይቅ። «ሌላ ገዥ አለ፣ ዛሬ ካልፈረማችሁ» የሚል ጥድፊያ ሲመጣ ቆም እንበል። ገንዘቡ በጥሬው ሳይሆን በባንክ በሻጩ ስም ይከፈል። ከዋጋው የተወሰነው ስመ ንብረት እስኪዛወር እንዲቆይ በውሉ ይጻፍ። የዝውውር ወጪውንና ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱ ለቆ የሚሰጥበት ቀንም እንዲሁ። ስም ካልተዛወረ ሥራው አላለቀም፤ ቁልፍ መቀበል ብቻውን ባለቤት አያደርግም።

ማጠቃለያ

አንዳንዱ «የጠበቃ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመምህር ደመወዝ ይታወቃል። ነገር ግን አንድ ቤት አጣርቶ ውል ማርቀቅ፣ በየፍርድ ቤቱ ለዓመታት ከመመላለስ ጋር አይወዳደርም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል። መምህር በሚመደብበት ቀበሌ ሁሉ ሰው «እስቲ ይህን ወረቀት እይልኝ» ይለዋልና፣ ይህን ማወቅ ለራስ ብቻ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቤትን መግዛትና መሬትን መግዛት በአገራችን ሕግ ምን ልዩነት አላቸው?
2. ደላላው ጠበቃ እኔ አመጣለሁ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ለምን?
3. ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆን ውሉን ማን ማን መፈረም አለበት?