የልደት ቀንን እንዴት እንጠይቅ? ስለ ምዝገባ ቅጽ አሠራር

መተግበሪያ መሥራት ሲጀምሩ ቀድሞ የሚያጓጓው የቀለሙና የአዝራሩ ነገር ነው። እኔ ግን ከምዝገባ ቅጹ ይጀምሩ እላለሁ። ሌላው ገጽ በአብዛኛው ይታያል፤ ቅጽ ግን ይጠይቃል። በደንብ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ወይ ተሳስቶ ይመልሳል፣ ወይ ትቶ ይሄዳል።

ቅጽ የመሙያ ሳጥኖች ስብስብ ነው። በየሳጥኑ ምን እንደሚሞላ የሚናገረው ጽሑፍ ሌብል ይባላል። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ሌብሉን ትተው ሳጥኑ ውስጥ በፈዛዛ ግራጫ የሚጽፉ አሉ፤ ይህኛው ፕሌስሆልደር ነው። ጣጣው ተጠቃሚው መጻፍ ሲጀምር ጽሑፉ መጥፋቱ ነው። መሀል ላይ ስልክ ተደውሎለት ሲመለስ «ከበደ» የሚል ብቻ ያገኛል፤ የተጠየቀው የአባቱን ስም ይሁን የአያቱን፣ የጻፈውን ሳያጠፋ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ሌብሉ ከሳጥኑ በላይ፣ ሁልጊዜ እንደታየ ይቀመጥ።

ስሙን ካነሣን፣ ከውጭ የተቀዳ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል። አንዱ እዚያ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሞላል። ተጠቃሚዎችዎ ኢትዮጵያውያን ከሆኑ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለው ለይተው ይጠይቁ። የውጭ ዜጎችም የሚመዘገቡ ከሆነ «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሰፊ ሳጥን ይሻላል።

ዋናው ፈተና የልደት ቀን ነው። ቅጹ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ከሆነ የማስላቱ ሥራ በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው በጭንቅላቱ ሰባት ይደምርና ያልፋል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 የተወለደ ሰው ይህን ቢያደርግ ዓመቱ ልክ ይመጣለታል፤ ዲሴምበር 29 ቀን 1997 ነው። ከእሱ በ10 ቀን የሚያንሰው፣ ታኅሣሥ 30 የተወለደው ሰው ልደት ግን ጃንዋሪ 8 ቀን 1998 ላይ ነው የሚውለው። ለእሱ የሚደመረው ስምንት ነው። የፈረንጆቹ ዓመት የሚለወጠው በእኛ ታኅሣሥ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ይህን ስሌት ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል፤ ለሰው መተው ስንፍና ነው። ለቀን አንድ ሳጥን፣ ለወር ከ13ቱ ወራት የሚመረጥበት ዝርዝር፣ ለዓመት ሌላ ሳጥን ያዘጋጁ። ዓመቱ በቁጥር ይጻፍ፤ የ60 ዓመት አዛውንትን ከዘንድሮ ጀምሮ ወደ ኋላ ማስሸብለል ግፍ ነው። ተጠቃሚው ሞልቶ ሲጨርስ ከሥሩ የጎርጎርዮሱን ቀን ያሳዩት። ፓስፖርት ያለው ሰው ያንን አይቶ ያመሳክራል፤ ዳታቤዙም አንድ ዓይነት ቀን ብቻ ይይዛል። ጳጉሜን እንዳይረሱ፦ 6ኛዋን ቀን የሚቀበሉት ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ነው፤ 2015 እንዲህ ነበር።

ስልክ ቁጥር ላይም ሐሳቡ ያው ነው። አንዱ በ09 ወይም በ07፣ ሌላው በ+251 ይጀምራል፤ ክፍተት እየተወ የሚጽፍም አለ። ሁሉንም ተቀብሎ ክፍተቱን አውጥቶ ወደ አንድ መልክ ማምጣት የፕሮግራሙ ድርሻ ነው።

በእርግጥ የማይቀበሉት ነገርም ይኖራል። ያኔ ከቅጹ አናት ላይ በቀይ «የተሳሳተ መረጃ» ብሎ መጮህ አይረዳም፤ የትኛው ሳጥን እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ቀይ ቀለምን ከሌላው የማይለዩ ዓይኖችም አሉ፤ ስለዚህ ቀለሙ ጽሑፉን ያግዝ እንጂ አይተካው። መልእክቱን ችግሩ ካለበት ሳጥን ሥር ያድርጉት፤ «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል» ይበል። ሌላው የተሞላው ሁሉ ደግሞ እንዳለ ይቆይ፤ ለአንድ አኃዝ ሲባል ስሙንና የልደት ቀኑን እንደገና የሚሞላ ሰው እምብዛም አይገኝም።