ፍለጋው «አልተገኘም» ሲለን፦ በኢማክስ የፋይል ፍለጋን መመርመር

በብዙ ፋይሎች ውስጥ አንድ ቃል መፈለግ ለኮምፒዩተር ቀላል ሥራ ነው። አስቸጋሪው የውጤቱ ትርጉም ነው። አንድ ተማሪ ፕሮግራሙን ሲያሻሽል የአንድ ፈንክሽን ስም በሌላ ፋይል ተጠርቶ እንደሆነ ይፈልጋል፤ ምንም ካልመጣለት ፈንክሽኑን ይሰርዘዋል። ሌላዋ ደግሞ በሰበሰበቻቸው ጽሑፎች ውስጥ አንድ ቃል አለመኖሩን በመመረቂያ ጽሑፏ ታሰፍራለች። የተበላሸው ፍለጋው ራሱ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ይሰናከላል፤ መደምደሚያውም ይፈርሳል። በዚህ ጽሑፍ ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ የሚገኘውን «አርግሬፕ» የተባለ ትእዛዝ ምሳሌ አድርገን፣ ባዶ ውጤት ከየት ሊመጣ እንደሚችል ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ትእዛዙ እንዴት ይሠራል?

አርግሬፕ አንድን ፎልደር በውስጡ ካሉት ንዑስ ፎልደሮች ጋር ያስሳል። ሦስት ነገሮችን ይጠይቀናል፦ የምንፈልገውን ንድፍ፣ የፋይሎቹን ዓይነትና ፍለጋው የሚጀምርበትን ፎልደር። ይሁን እንጂ ኢማክስ ፍለጋውን ራሱ አያካሂድም። ከመልሶቻችን አንድ የትእዛዝ መስመር አዘጋጅቶ ለሌሎች ፕሮግራሞች ያስተላልፋል። «ፋይንድ» ፎልደሮቹን እየዞረ ፋይሎችን ይመርጣል፤ ኬን ቶምሰን ለዩኒክስ የጻፈውና በ1973 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው «ግሬፕ» ደግሞ የተመረጡትን ፋይሎች መስመር በመስመር ያነባል። ስለዚህ ስሕተት በአራት ቦታዎች ሊፈጠር ይችላል፦ ትእዛዙ ሲተላለፍ፣ ፋይሎቹ ሲመረጡ፣ ንድፉ ሲተረጎምና ፊደላቱ ሲነጻጸሩ።

በቅድሚያ ማረጋገጫ

በቤተ ሙከራ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና እንደምንጠቀም ሁሉ፣ እዚህም መኖሩን በዓይናችን ያየነውን ቃል እንፈልግ። ቃሉ የምንጠራጠረው ዓይነት ፋይል ውስጥ፣ በተለይም በውስጠኛው ንዑስ ፎልደር የሚገኝ ቢሆን ይመረጣል። እርሱም ካልተገኘ ጥፋቱ የፍለጋው እንጂ የፋይሎቹ አይደለም። ያን ጊዜ አራቱን ደረጃዎች በተራ እንፈትሻለን።

1ኛ. ትእዛዙ ሲተላለፍ

በዊንዶውስ ላይ «ፋይንድ» የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ሥራው በፋይል ውስጥ ጽሑፍ መፈለግ እንጂ ፋይሎችን መዘርዘር አይደለም። ኢማክስ የዩኒክሱን ፋይንድ የጠራ መስሎት ይህን ሲጠራው፣ ፕሮግራሙ የተሰጠውን ትእዛዝ ቅርጽ ስለማያውቀው ስሕተት ነው ብሎ ይመልሳል። መፍትሔው የግኑን ፋይንድ ጭኖ «ፋይንድ-ፕሮግራም» በተባለው የኢማክስ ተለዋዋጭ ውስጥ ሙሉ አድራሻውን መጻፍ ነው። ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ግሬፕም መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

2ኛ. ፋይሎቹ ሲመረጡ

አርግሬፕ አንዳንድ ነገሮችን ሆን ብሎ ይዘላል። እንደ ጊት ያሉ የሥሪት መቆጣጠሪያዎች የሚጠቀሙባቸው ስውር ፎልደሮችና የመጠባበቂያ ቅጂዎች ከነዚህ መካከል ናቸው። ፋይንድም በራሱ ፈቃድ ሲምቦሊክ ሊንክን ተከትሎ ወደ ሌላ ፎልደር አይገባም። ምን እንደተዘለለ ለማወቅ ትእዛዙን ከመጥራታችን በፊት ኮንትሮልንና የዩን ፊደል አብረን እንጫን። ኢማክስ ያዘጋጀውን መስመር ከማስኬዱ በፊት ያሳየናል፤ ልናርመውም እንችላለን።

3ኛ. ንድፉ ሲተረጎም

ለግሬፕ የምንሰጠው ተራ ቃል ሳይሆን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነው። ነጥብ ማንኛውንም አንድ ፊደል ይወክላል፤ የማዕዘን ቅንፍ ደግሞ በውስጡ ካሉት ፊደላት አንዱን። ስለዚህ ውጤት[5] ብለን ብንፈልግ የምናገኘው «ውጤት5» የሚለውን ነው፤ ቅንፍ ያለበት መስመር ግን ያመልጠናል። ቅንፉን እንደ ተራ ምልክት ለማስቆጠር ከፊቱ ባክስላሽ አድርገን ውጤት\[5] ብለን መጻፍ አለብን።

4ኛ. ፊደላቱ ሲነጻጸሩ

ይህ ደረጃ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው እጅግ አስፈላጊ ነው። ግሬፕ የሚያነጻጽረው ባይቶችን ነው። «ሀ» በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ 225፣ 136 እና 128 የሆኑ ሦስት ባይቶችን ይይዛል፤ ዊንዶውስ በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-16 ግን 0 እና 18 የሆኑ ሁለት ባይቶችን ብቻ። በቀደሙት የኖትፓድ ሥሪቶች «ዩኒኮድ» የሚለው ምርጫ ፋይሉን በዩቲኤፍ-16 ያስቀምጥ ነበር። ኢማክስ እንዲህ ያለውን ፋይል አውቆ በትክክል ስለሚያሳየን፣ ቃሉን በስክሪኑ ላይ እያየነው ግሬፕ «የለም» ይለናል። ፋይሉን ወደ ዩቲኤፍ-8 ለውጦ ማስቀመጥ ችግሩን ያስወግዳል።

የድምፅ ሞክሼ ፊደላትም አሉ። በዩኒኮድ «ጸ» 4920ኛ፣ «ፀ» 4928ኛ ቁጥር ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ዝምድና የላቸውም። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» የሚለውን አያገኝም። [ጸፀ][ሀሃሐኀ]ይ የሚለው ንድፍ ግን ስምንቱንም አጻጻፎች ያገኛል። ለዚህ የሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት፤ አለዚያ ግሬፕ ቅንፉን ፊደል በፊደል ሳይሆን ባይት በባይት ያነበዋል።

የግሬፕን መልስ ማንበብ

ግሬፕ በቀጥታ ሲጠራ ሥራውን የሚጨርሰው በቁጥር ነው፦ 0 ማለት ተገኘ፣ 1 ማለት አልተገኘም፣ 2 ማለት ስሕተት ተፈጠረ ማለት ነው። በፋይንድ በኩል ሲያልፍ የ1 እና የ2 ልዩነት ሊጠፋ ስለሚችል፣ በኢማክስ የውጤት መስኮት ላይ የሚወጡትን መልእክቶች ማንበብ ግድ ይላል። ፈንክሽኑን ከመሰረዛችን ወይም «ቃሉ የለም» ብለን ከመጻፋችን በፊት፣ ያው ፍለጋ መኖሩ የተረጋገጠ ቃል ከነዚያው ፋይሎች ማግኘቱን እንይ። ይህን ካላለፈ ባዶው ውጤት የሚነግረን ስለ ፋይሎቹ ሳይሆን ስለ ፍለጋችን ነው።